መሬትና ውሃ ያጠራት ከተማ ወደ ላይ ስታድግ፦ የቤኒዶርም ጉዳይ

የባሕር ዳር ከተማ እንዴት መገንባት እንደሌለበት ማስረዳት የፈለገ አውሮፓዊ ብዙውን ጊዜ የሚጠራው የስፔኗን ቤኒዶርምን ነው። ቋሚ ነዋሪዎቿ ከ70 ሺህ ብዙም አይርቁም፤ የቆዳ ስፋቷም ከ39 ካሬ ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ከባሕሩ በኩል ስትታይ ግን ሚሊዮኖች የሚኖሩባት ትመስላለች፤ 20 እና 30 ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች አሸዋውን ተከትለው ተኮልኩለዋል። ስሟ ከርካሽ ጉብኝት፣ ከእንግሊዛውያን መጠጥ ቤቶችና ከኮንክሪት ጋር ከተያያዘ ቆይቷል። የዚያኑ ያህል በከተማ ፕላን ሙያ ውስጥ ያሉ ብዙዎች፣ መሬትና ውሃ በመቆጠብ ረገድ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ካሉ የመዝናኛ ከተሞች የሚወዳደሯት ጥቂት መሆናቸውን ይመሰክሩላታል። እኔም ወደ እነርሱ አደላለሁ። ሆኖም ደጋፊዎቿም ነቃፊዎቿም ዓይናቸው ፎቁ ላይ ስለሚያርፍ ስለ ውሃዋ የሚነገረው ጥቂት ነው። በእኔ እምነት የቤኒዶርም ጉዳይ የሚፈታው ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አቀማመጧ

ከተማዋ በምሥራቅ ስፔን፣ በቫሌንሲያ ክልል፣ ከአሊካንቴ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። የባሕር ወሽመጧ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ነው። መሃል ላይ አንድ የድንጋይ አፍንጫ ወደ ባሕሩ ገባ ብሏል፤ አሮጌው መንደር ሰማያዊ ጉልላት ካለው ቤተ ክርስቲያኑ ጋር የተቀመጠው እዚያ ላይ ነው። ከድንጋዩ በስተ ምሥራቅ 2 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የሌቫንቴ አሸዋ፣ በስተ ምዕራብ ደግሞ 3 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው የፖኒየንቴ አሸዋ ተዘርግተዋል። ከኋላ ተራሮች የሰሜኑን ብርድ ይከለክላሉ፤ ስለዚህ ጥርም ቢሆን ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ቡና ሊጠጣበት የሚችል ወር ነው።

ወሽመጡ ወደ ደቡብ መዞሩ ለኋላው ታሪክ ትልቅ ትርጉም አለው። ሕንፃዎቹ ከአሸዋው በስተ ሰሜን ስለቆሙ በቀን ጥላቸው የሚወድቀው ከኋላቸው ባለው ከተማ ላይ እንጂ በዋናተኛው ላይ አይደለም። ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ባዞረ ዳርቻ ላይ ይኸው ግንባታ ቢካሄድ ኖሮ ቱሪስቱ የከፈለበትን ፀሐይ ሆቴሉ ራሱ ይጋርድበት ነበር።

ከተማዋን ከላይ የሚመለከታት ፑች ካምፓና የሚባል 1,400 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ጫፉ ላይ በቢላ የተቆረጠ የሚመስል አራት ማዕዘን ጎዶሎ ይታያል። አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል፦ ሮልዳን የሚባል ግዙፍ ሰው የሚወዳት ሴት ታማ፣ የዕለቱ የመጨረሻ የፀሐይ ጨረር ሲለያት እንደምትሞት ተነገረው። እሱም ፀሐይዋ ጥቂት እንድትቆይለት የተራራውን ጫፍ ቆርጦ ጣለ፤ ቁራጩ ባሕር ውስጥ ወድቆ ዛሬ ከከተማዋ ፊት ለፊት የሚታየው ትንሽ ደሴት ሆነ። ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ብሎ ተራራ የቆረጠ አፍቃሪ ለቤኒዶርም ይመጥናታል፤ ኋላ እንጀራዋ የሆነው ፀሐይ መሸጥ ነውና።

ፀሐይ የበዛበት አገር ዝናብ ያንሰዋል። በዓመት የምታገኘው 300 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አብዛኛው በበልግና በመኸር ማዕበል መጥቶ ተጠራርጎ ባሕር የሚገባ ነው።

ከቱሪስት በፊት

የከተማዋ መቋቋሚያ ሰነድ በ1325 በርናት ዴ ሳሪያ በሚባል መስፍን የተሰጠ ነው። ይሁን እንጂ ለክፍለ ዘመናት ከሰሜን አፍሪካ የሚነሱ የባሕር ወንበዴዎች እየመጡ ሰው ስለሚማርኩ፣ ከድንጋዩ ላይ ምሽግ ቢሠራም ሕዝብ ሊረጋባት አልቻለም። ሁለተኛ ልደቷ የሆነው 1666 ነው። በዚያ ዓመት የቦታው ባለቤት ወይዘሮ ቤያትሪስ ፋሃርዶ ዴ ሜንዶሳ ከተራራው ሥር ውሃ የሚያወርድ የመስኖ ቦይ እንዲቆፈር አድርገው አዲስ ሰፋሪ አስገቡ። ሰው የመጣው ውሃው ከመጣ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ይደገማል።

ከዚያ ወዲህ የከተማዋ ወንዶች የሚታወቁት በቱና አጥማጅነት ነበር። አልማድራባ የሚባለው የአጠማመድ ዘዴ ብልሃት የሚጠይቅ ነው። ቱና በፀደይ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ሜዲትራኒያን ሲገባ የባሕሩን ዳር ይዞ ይጓዛል። አጥማጆቹ ከባሕሩ ወለል ጋር በመልህቅ የታሰረ፣ ከክፍል ወደ ክፍል የሚያስገባ የመረብ ቤት በመንገዱ ላይ ይዘረጉለታል። ዓሣው እየተመራ መጨረሻው ክፍል ሲደርስ ጀልባዎቹ ዙሪያውን ይከቡና ሰዎቹ በአንድ ላይ መረቡን ወደ ላይ ይስባሉ። ውሃው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሦስት መቶ ኪሎ የሚመዝን ዓሣ ሲንፈራገጥ ደሙና አረፋው ሰዎቹን ያለብሳቸዋል። ይህን ሁሉ የሚመራው ሰው አራኤስ ይባላል። ጅረቱንና ነፋሱን፣ መረቡ የት እንደሚተከል የሚወስነው እሱ ነው። የቤኒዶርም አራኤሶች በሙያቸው ስመ ጥር ስለነበሩ እስከ ሰሜን አፍሪካና ጣሊያን ደሴቶች ድረስ እየተቀጠሩ ይሄዱ ነበር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ይህ ሥራ ሞተ። የከተማዋ የራሷ አልማድራባ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተዘጋ። ወጣቱ በንግድ መርከብ ተቀጥሮ ባሕር ማዶ ይወጣ ጀመር። ያኔ የነዋሪዎቿ ቁጥር ሦስት ሺህ አይሞላም ነበር፤ ቤት ለቤት የሚደርስ የቧንቧ ውሃም አልነበራትም።

ውሳኔው

ወደ ጉዳዩ እምብርት የምንገባው እዚህ ላይ ነው። በ1950ዎቹ መባቻ ፔድሮ ሳራጎሳ ኦርትስ የተባለ፣ 30 ዓመት ያልሞላው የከተማዋ ተወላጅ ከንቲባ ሆኖ ተሾመ። ዘመኑ የአምባገነኑ የፍራንኮ ነው፤ ከንቲባ ይሾማል እንጂ አይመረጥም። ሳራጎሳ ሥራ እንደጀመረ ከጎረቤት ፖሎፕ ተራራ ሥር የመጠጥ ውሃ በቧንቧ አስመጣ። ቀጥሎ ደግሞ በ1956 መላውን የአስተዳደር ክልል የሚሸፍን ማስተር ፕላን አስጸደቀ። በወቅቱ ስፔን ውስጥ ይህን ያህል ትንሽ መንደር እንዲህ ያለ ፕላን ማውጣቱ ያልተለመደ ነገር ነበር። ያኔ አልሞንድና ወይራ በበቀለበት እርሻ ላይ ሰፋፊ ጎዳናዎች ተሰመሩ።

መጀመሪያ የታሰበው ግቢ ያላቸው ዝቅተኛ ቤቶች ያሉባት የአትክልት ከተማ ነበረች። ነገሩን የለወጠው በ1963 የተደረገው ማሻሻያ ነው፤ የሕንፃ ከፍታ ገደብ ተነሳ። ይህ ሲባል ግን ማንም እንዳሻው ይሥራ ማለት አልነበረም። ሕጉ የሚቆጣጠረው ፎቁን ትቶ አጠቃላይ መጠኑን ነው። ለማስረዳት ያህል በ1,000 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ 4,000 ካሬ ሜትር ወለል መሥራት ተፈቀደልህ እንበል። መሬቱን በሙሉ ሸፍነህ አራት ፎቅ መሥራት ትችላለህ፤ ወይም 200 ካሬ ሜትር ብቻ ይዘህ 20 ፎቅ ትወጣና ቀሪውን 800 ካሬ ሜትር ለመዋኛ ገንዳ፣ ለዛፍና ለመኪና ማቆሚያ ትተዋለህ። የምትሸጠው የክፍል ብዛት በሁለቱም እኩል ነው። ልዩነቱ በሁለተኛው መንገድ ሁሉም ክፍል ባሕር ያያል፤ ባሕር የሚያይ ክፍል ደግሞ የበለጠ ይከራያል። ስለዚህ ባለሀብቱ ማንም ሳያስገድደው ወደ ላይ ወጣ። ሕጉና ኪሱ አንድ አቅጣጫ ያመለከቱት ነበርና።

በስፔን የባሕር ዳርቻ ሌላው ክፍል የሆነውን ስናይ የዚህ ውሳኔ ክብደት ይገባናል። እዚያው አጠገብ በላ ኑሲያና የኖርዌይ ጡረተኞች በብዛት በሰፈሩባት አልፋስ ዴል ፒ፣ ግቢ ያላቸው ቪላዎች ኮረብታውን ይዘው ተዘርግተዋል። ለዓይን የሚስቡት እነርሱ ናቸው፤ እኔም ኑር ብባል የምመርጠው ያንን ነው። ነገር ግን ያ ኑሮ ሁሉም ለዳቦ መግዣ እንኳን መኪና የሚያስነሳበት ነው፤ የእያንዳንዱ ቤት ገንዳና ሣር በበጋ የሚጠጣው ውሃም የዋዛ አይደለም። የቤኒዶርም ቱሪስት ግን ከሆቴሉ ወጥቶ በእግሩ አሸዋው ላይ ነው፤ አንድ ገንዳ ለመቶዎች ይበቃል። በዚህ ምክንያት ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ከ300 ሜትር በላይ ወደ ባሕር የሚወርደው የሴራ ጄላዳ ገደል ሳይገነባበት ቀርቶ በ2005 የተፈጥሮ ፓርክ ለመሆን በቅቷል።

ፀሐይ መሸጥ

ሳራጎሳ ከፕላን አውጪነቱ ይልቅ የሚወራለት በነጋዴነቱ ነው። ስዊድናውያን በክረምት ጨለማ ሲማቅቁ ያበበ የአልሞንድ ቅርንጫፍ ወደ ስቶክሆልም ልኮ በትልቅ መደብር እንዲታይ አድርጓል፤ ከሰሜን ዋልታ አካባቢ ሳሚ ከሚባለው ነባር ሕዝብ አንድ ቤተሰብ ከነባህል ልብሳቸው ጋብዞ ጋዜጠኞች ፎቶ አንስተዋቸዋል። በ1959 የተጀመረው የቤኒዶርም የዘፈን ውድድርም በሬዲዮ ስሟን ከዳር እስከ ዳር አዳርሷል። ሁሊዮ ኢግሌሲያስ የዘፈን ሕይወቱን የጀመረው በ1968 ይህን ውድድር አሸንፎ ነው።

ከሁሉ የሚነገረው የቢኪኒው ታሪክ ነው። ካቶሊካዊቷ የፍራንኮ ስፔን ሁለት ቁራጭ ዋና ልብስ እንደ ነውር ስትቆጥር፣ ሳራጎሳ በከተማው አሸዋ ላይ ፈቀደ። ሊቀ ጳጳሱ ሊያወግዘው ተነሳ። ከንቲባው ቬስፓ ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ማድሪድ ድረስ በመሄድ ከፍራንኮ ጋር ተገናኘና ጉዳዩ ተድበሰበሰ። ይህን ሲተርከው የኖረው እሱ ራሱ ስለሆነ ምን ያህሉ እንደተጨመረበት መጠርጠር ይቻላል። ለአምባገነኑ መንግሥት ግን ሒሳቡ ግልጽ ነበር፤ አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ጠምቷታል፤ ምንዛሪው የሚመጣው ደግሞ ቢኪኒ ለብሶ ነው።

በ1967 የአሊካንቴ ኤል አልቴት አውሮፕላን ማረፊያ ተከፈተ። በረራ፣ ሆቴልና ምግብ በአንድ ዋጋ የሚሸጥበት የእንግሊዝ ጉዞ ንግድም ቤኒዶርምን ዋና መድረሻው አደረጋት። ሳራጎሳ ከሥልጣን የወረደው በዚያው ዓመት ነው።

ውሃው ሲያልቅ

ሆቴል መሥራት ቀላሉ ሥራ ነበር። በ1978 ድርቅ ሲገባ ቧንቧው ደረቀ፤ ከተማዋም በመርከብ ውሃ እየተጫነ እስኪመጣላት ደረሰች። ሻወር የሌለውን ሆቴል ቱሪስት ለምን ብሎ ይመጣል? የመዝናኛ ከተማ ስም ለመገንባት ሃያ ዓመት ይፈጃል፤ ለማጥፋት ሁለት ሳምንት የውሃ እጥረት ይበቃል።

መፍትሔው በአንድ ትልቅ ግድብ አልመጣም። በ1977 የአካባቢው ከተሞች የማሪና ባሃ የውሃ ማኅበር የሚባል የጋራ ድርጅት አቋቁመው ነበር። ማኅበሩ በእጁ ያሉት ሁለት መለስተኛ ግድቦች ናቸው፦ 13 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው ጓዳሌስትና 16 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው አማዶሪዮ። ሁለቱም በድርቅ ዘመን ሊታመኑ አይችሉም። ከዚህም በላይ ውሃው በሕግ የገበሬው ነበር። በአካባቢው ብርቱካን፣ ሎሚና ኒስፔሮ የሚባለውን ቢጫ ፍሬ የሚያለሙ የመስኖ ማኅበራት ከጥንት የያዙት መብት አላቸው። ከተማ ገንዘብ አለኝ ብላ ውሃቸውን ልትነጥቃቸው ብትሞክር ክርክሩ ስንት ዘመን እንደሚፈጅ መገመት አያዳግትም።

የተስማሙት በልዋጭ ነው። ገበሬዎቹ ንጹሑን የተራራ ውሃ ለከተማው ይለቃሉ፤ ከተማው ደግሞ ከሆቴሎቹ የወጣውን ፍሳሽ አጣርቶ ለመስኖ ይመልስላቸዋል። የቦዩንና የፓምፑን ወጪ የሚችለው የከተማው ወገን ነው። ለገበሬው የቀረበው ማባበያ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ዝናብ ቢጠፋም ቱሪስት ገላውን መታጠቡን ስለማያቆም የተጣራው ውሃ በድርቅ ዓመት እንኳን አይቋረጥም። አንድ ችግር ግን ነበረው፤ በባሕሩ ዳር ያለው የፍሳሽ መስመር የጨው ውሃ ስለሚገባበት የተጣራውም ጨው ይበዛበታል፣ የፍራፍሬ ዛፍ ደግሞ ጨው አይችልም። ስለዚህ ማጣሪያ ጣቢያው ላይ ጨውን የሚያስወግድ ተጨማሪ ደረጃ ተተከለ። በከተማው ውስጥም ቧንቧው በጥብቅ ክትትል ሥር ስለሆነ ወደ መረቡ ከሚገባው ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ለተጠቃሚው ይደርሳል። ብዙ የሜዲትራኒያን ከተሞች ከሩብ በላይ የሚሆነውን በመንገድ ላይ ያፈሳሉ።

ይህ ሥርዓት የሚሠራው ከተማዋ የታመቀች ስለሆነች ነው። አጭር ቧንቧ ለመፈተሽ ይቀላል፣ ፍሳሽም ወደ አንድ ቦታ መሰብሰብ ይቻላል። በየኮረብታው ለተበተኑ ቪላዎች ይህን ማድረግ ወጪው አይቀመስም። ፎቁና ውሃው የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ የ1963ቱ ውሳኔ የ1978ቱን ችግር ለመፍታት ታስቦ ባይወጣም መፍትሔውን ያስቻለው እሱ ነው።

ሁለት ፎቆች፣ አንድ ፓርክ

ከተማዋ ሁልጊዜ ብልህ ነበረች የሚል ካለ ወደ ሁለት ሕንፃዎች ይመልከት። 186 ሜትር የሚረዝመው ግራን ሆቴል ባሊ ግንባታው ከ1988 እስከ 2002 ፈጅቷል፤ ባለቤቶቹ ከሌሎች ሆቴሎቻቸው ባገኙት ትርፍ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ አቆሙት። ለተወሰኑ ዓመታት የስፔን ረጅሙ ሕንፃ ነበር። ኢንቴምፖ ግን በ2007 በባንክ ብድር ተጀመረ። በዓመቱ የቤት ገበያው ወደቀ፤ አበዳሪው ባንክ ተናጋ፤ 47 ፎቅ ያላቸው መንትያ ማማዎች ለዓመታት ሳይጠናቀቁ ተገትረው ቀሩ። በ2013 አርክቴክቶቹ አሳንሰር መሥራት ረስተዋል የሚል ወሬ ዓለምን ዞረ። ወሬው ሐሰት ነበር፤ ግን ስለ ቤኒዶርም ምን ቢባል የሚታመን ስለሆነ ማንም አላጣራውም። ሕንፃው የተጠናቀቀው በ2021 ነው።

ቴራ ሚቲካ የተባለው የመዝናኛ ፓርክ ታሪክም ከኢንቴምፖ ብዙ አይርቅም። የቀድሞው የቤኒዶርም ከንቲባ ኤድዋርዶ ሳፕላና የክልሉ ፕሬዚዳንት ሆነው በሕዝብ ገንዘብ ያስጀመሩት ሲሆን፣ በ2000 ተከፍቶ በ2004 ዕዳውን መክፈል እንደማይችል አስታወቀ፤ በ2012 ከወጣበት እጅግ ባነሰ ዋጋ ለግል ድርጅት ተሸጠ።

ሕዝቧና ልማዷ

የቤኒዶርም ሰው ቫሌንሲያኛና ስፓኒሽ ይናገራል። ዋናው ዓመታዊ በዓል የሚከበረው በኅዳር ወር፣ ቪርሄን ዴል ሱፍራሂዮ ለሚሏት እመቤታችን ማርያም ክብር ነው። በ1740 አንዲት ሰው አልባ መርከብ ወደ ወሽመጡ ገባች፤ ወረርሽኝ ይኖርባት ይሆናል ተብሎ ስትቃጠል ከአመዱ ውስጥ የእመቤታችን ምስል ሳይነካ ተገኘ ይባላል። በዓሉ ባለቀ ሰሞን በሐሙስ ዕለት ደግሞ የእንግሊዛውያኑ ተራ ይሆናል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ልዩ ልዩ ገጸ ባሕርይ መስለው ለብሰው የሌቫንቴን የኋላ ጎዳናዎች ይሞላሉ። የከተማው ሰው ለማርያም የሰቀለውን ሰንደቅ ሳያወርድ መነኩሲት የመሰሉ ጢማም እንግሊዛውያን ከሥሩ ሲጨፍሩ ይታያሉ። የሚቆጣ እምብዛም የለም።

በዓሉ ኅዳር ላይ መሆኑ ለኢኮኖሚውም አመቺ ነው። ሌሎች የባሕር ዳር ከተሞች ክረምት ሲገባ ሆቴላቸውን ዘግተው ሠራተኛ ይበትናሉ። ቤኒዶርም ግን በጋ ቤተሰቦችን፣ ክረምት ጡረተኞችን ታስተናግዳለች። የስፔን መንግሥት በ1985 የጀመረው፣ ኢምሰርሶ በሚባለው ተቋም በኩል ለአረጋውያን በቅናሽ የሚቀርበው የጉዞ ፕሮግራም ለዚህ ትልቅ ድጋፍ ሆኗል። ሆቴሎች ክፍያው ወጪያችንን አይሸፍንም እያሉ በየዓመቱ ያማርራሉ፤ ሆኖም ብዙዎቹ ከፕሮግራሙ አልወጡም። ከኮቪድ ወረርሽኝ በፊት በነበሩት ዓመታት የሆቴል አዳር በዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ በዚህ የሚቀድሟት እንደ ባርሴሎናና ማድሪድ ያሉ ጥቂት መዳረሻዎች ናቸው።

ደካማ ጎኗ የታየው በ2020 ነው። በወረርሽኙ ወቅት ሰው ተራርቆ እንዲቀመጥ ማዘጋጃ ቤቱ አሸዋውን በገመድ 4 ሜትር በ4 ሜትር ከፋፍሎ ቦታ በኢንተርኔት ማስያዝ አስጀመረ። አሠራሩ ተመሰገነ። ይሁን እንጂ ሐምሌ ላይ የእንግሊዝ መንግሥት ከስፔን የሚመለስ ሁሉ ራሱን እንዲያገል ሲያዝ ያ ሁሉ ዝግጅት ከንቱ ሆነ። ለከተማዋ ትልቁ የውጭ ገበያ እንግሊዝ ስለሆነ፣ ለንደን ላይ የሚወጣ መመሪያ ማድሪድ ላይ ከሚወጣው በላይ ያንገዳግዳታል።

አሁን ያለው ጭንቀት ከቤት ኪራይ ጋር የተያያዘ ነው። አፓርትመንቶች ለቱሪስት በቀን መከራየት ከጀመሩ ወዲህ አልጋ የሚያነጥፈው፣ ምግብ የሚያቀርበው ሠራተኛ ከተማዋ ውስጥ ቤት ማግኘት እያቃተው በጎረቤት ከተሞች ለመኖር ተገዷል። የሆቴል ባለቤቶችም ሠራተኛ ማጣታቸውን የሚናገሩት ይህንኑ ምክንያት አድርገው ነው። የ1956ቱ ማስተር ፕላን ስለ ጎዳና ስፋት፣ ስለ ወለል መጠን፣ ስለ ክፍት ቦታ በዝርዝር ደንግጓል፤ በእነዚህ ፎቆች ውስጥ ማን ለሌሊት፣ ማን ለዕድሜ ልክ እንደሚያድር ግን በካሬ ሜትር የሚለካ ጉዳይ አልነበረም።